እስከ ሰኔ 23 ይላክ

የቢሮውን ጸሐፊ እንግዳውን ሞቶ ያገኘው ዘበኛው ጀማሉ ነው። ሰኞ፣ ሰኔ ዐሥር ቀን ሰባ ሰባት፣ ገና በጧቱ የእርዳታ ድርጅቱን ቢሮ ሊጠርግ ሲገባ ጸሐፊው ከጠረጴዛውና ከግድግዳው መሃል በግንባሩ ተደፍቷል።

"ተኝቶ መስሎኝ 'እንግዳው፣ እንግዳው' አልኩት" አለን ጀማሉ። "ሰሞኑን እያመሸ ነበር የሚሠራው። ወላሂ ተኝቶ ነው የመሰለኝ።"

እኔ አንዳርጌ እባላለሁ። ጎንደር ሳለሁ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፣ የወንጀል መርማሪ። ደርግ ሲያሳድደኝ በመተማ ወጥቼ ገዳሪፍ ገባሁ፤ እዚህ የፖሊስ አስተርጓሚ ነኝ። አለቃዬ ሙዘይን ሱዳናዊ ነው፤ መላዚም ይሉታል፣ እንደ እኛ መቶ አለቃ መሆኑ ነው። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ስለዚህ ሐበሻ ሐበሻን በገደለ ቁጥር "ያ አንዳርጌ!"፣ አንተ አንዳርጌ፣ እያለ ከአልጋዬ ያወርደኛል። በዚያ ዓመት ሐበሻ በየቀኑ ይሞት ነበር፣ በየመንገዱ፣ በየካምፑ በር። በረሃብ ለሞተው ግን ማንም መርማሪ አልጠራለትም።

ሙዘይን ተንበርክኮ ሬሳውን አየ። ከጆሮው በላይ አጥንቱ ገብቷል። ቁስሉ ክብ ነው፤ የተመታውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

"ሌባ?" አለኝ።

"ሌባ ከሆነ ሞኝ ሌባ ነው" አልኩት። የገንዘብ ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ በሟቹ አንገት ላይ ነው። ሬዲዮኑ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሰዓቱም እጁ ላይ ትሠራለች።

ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ፖስታዎች ተደርድረዋል። በያንዳንዱ ላይ በእንግዳው የቁም ጽሕፈት የሰው ስም አለ፣ ከሥሩ "ተመላሽ"፣ ከዚያ በታች "እስከ ሰኔ 23 ይላክ"። ቆጠርኩ፤ ስድስት ናቸው። አጠገባቸው ያለው መዝገብ ግን ሰባት ይላል። የጎደለው ካሣ አባይ የሚባለው ሰው ነው።

ካሣን የማያውቅ የለም። የድርጅቱ ሾፌርና መካኒክ ነው፤ ከደርግ ጦር ከድቶ የመጣ ጎበዝ። እናቱ ወርቅውሃ ለቢሮው ሰዎች ወጥ ሠሪ ናት፤ ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው የምትኖረው። ያን ጧትም ሻይ ያፈላችልን እሷ ናት። ሬሳ ባለበት ቤት ሻይ እንዴት ይወርዳል? ለሙዘይን ግን ይወርዳል፤ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። ምድጃዋ ላይ የወረቀት ዐመድ አይቼ ነበር። ሴቱ ሁሉ ከሰል የሚያያይዘው በወረቀት ነው ብዬ አለፍኩት፤ የጎንደር አለቆቼ ይህን ቢሰሙ በጥፊ ይሉኝ ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ሂያም ዐይኗ አብጦ መጣች። የገዳሪፍ ልጅ ናት፣ እናቷ የገላባት ሐበሻ፤ አማርኛውን ከዐረብኛው እያደባለቀች ታወራለች።

"እነዚህ ፖስታዎች ምንድን ናቸው?" አልኳት በዐረብኛ፣ ባውቀውም ለሙዘይን እንዲገባው።

"የመኝታ ደረሰኝ። ሠራተኛ ለሥራ ወደ ኸዋጆቹ፣ ወደ ፈረንጆቹ፣ አገር ሲላክ ሆቴል ያድራል አይደል? እዚያ ከአልጋው ዋጋ ላይ ግብር ይወስዳሉ። ድርጅቱ እዚያ አገር የማይነግድ ከሆነ ደረሰኙን ከቅጽ ጋር ይልክና ግብሩን ይመልሱለታል። የምግቡን አይመልሱም፤ የመኝታውን ነው። ቅጂ አይቀበሉም፣ ዋናው ከጠፋ ኻላስ፣ አበቃ። የዓምናው ደግሞ እስከዚህ የፈረንጅ ወር ማለቂያ፣ በእናንተ ሰኔ 23፣ ካልደረሰ ቀረ ማለት ነው። ዛሬ ኃላፊው ይዞት ካርቱም ሊሄድ ነበር።"

ይህን ነገር እንግዳው ለእኔም ነግሮኝ ነበር። ቃል ሲጠፋው ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። "አያ አንዳርጌ፣ ሄዶ የሚመለስ ግብር በአማርኛ ምን ይባላል? ሾፌሮቹ እንዲገባቸው ፖስታው ላይ ልጽፍ ነው" አለኝ። "ተመላሽ በለው" አልኩት። "ኧረ እሰይ!" ብሎ ሳቀ። እኔም፣ ቃል አዋቂ ተብዬ፣ ኮራሁ።

"ሲመለስ ለማን ነው የሚደርሰው?" አለ ሙዘይን።

"ለተጓዡ። አበሉ አንሷቸው ሁሉም ከኪሳቸው ነው የሞሉት። ካሣ ሁለት ወር ቆይቶ የመኪና አሠራር ስለተማረ የሱ ይበልጣል። ለእናቱ ቤት ሊከራይላት ነበር።"

"ታዲያ የራሱን ገንዘብ የሚሰርቅ ማን ነው?" አልኩ።

ሙዘይን ጢሙን ጎተተ። "ደረሰኙ ሐሰት ከሆነስ? ጸሐፊው ደርሶበት ከሆነስ?"

ሂያም አቀረቀረች። "ቅዳሜ ተጯጩኸዋል" አለች ቀስ ብላ። "አንዱ ደረሰኝ በድርጅቱ ስም አልነበረም። እንግዳው 'በአንተ ስም የተጻፈ አያልፍም፣ ጉድ አደረግኸኝ' ብሎ ጮኸበት። ካሣም በሩን ወርውሮት ወጣ።"

ይኸው፣ ጠብ ተገኘ። ሙዘይን ጠብ ሲያገኝ ምሳ የቀረበለት ያህል ደስ ይለዋል።

ጀማሉን በር ላይ አገኘሁት።

"እሁድ ማታ ማን ገባ?"

"ማንም። ከመግሪብ ሶላት በኋላ በሩን ዘግቼ ከፊቱ ተቀመጥኩ። አያ አንዳርጌ፣ ድመት እንኳ አልገባችም።"

"ካሣስ?"

"መኪናው የገባው ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው።"

ማን ገባ ብዬ ነው የጠየቅሁት። ማን ነበረ አላልኩም። ሠላሳ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ!

ካሣን ጣቢያው ውስጥ አስቀመጥነው። መኪናውን ስፈትሽ ዱራ፣ ማለት ማሽላ፣ ከተራገፈበት አቧራ ላይ አንዲት የላስቲክ ጫማ አግኝቻለሁ፤ ከጣቴ አትበልጥም።

"እሁድ ማታ የት ነበርክ?"

"መፋዛ ካምፕ። ዱራውን አራግፌ እዚያው አደርኩ።"

ሙዘይን በሬዲዮ መፋዛን ጠየቀ። መልሱ ብዙ አልቆየም፤ መኪናው እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ባዶውን ከመፋዛ ወጥቷል። ከዚያ እስከ ገዳሪፍ ሌሊቱን ሙሉ አያስኬድም።

"ካሣ፣ ዋሸህ" አልኩት።

"ዋሸሁ።"

"ይቺ ጫማ የማን ናት?"

አየና ፊቱ ተለወጠ። "አያ አንዳርጌ፣ እንግዳውን አልገደልኩም። የተጣላነው እኮ ለእኔ አስቦ ነው፤ ማታውን ታርቀናል። ሌላውን አትጠይቀኝ።"

"አንተ ልጅ፣ በገመድ ላይ ቆመህ ዝም ትለኛለህ?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኮሪደሩ ላይ ሙዘይን ክንዴን ይዞ አቆመኝ።

"ከላይ ትእዛዝ መጥቷል። የሐበሾች ጠብ እስር ቤት አይሞላም ብለዋል። ሌላ ሰው ካልተገኘ ሐሙስ ጧት በገላባት ይሻገራል።"

"መላዚም! ወታደር ነው እኮ፣ የከዳ። መተማ ላይ ይረሽኑታል!"

"አውቃለሁ" አለ። መጥፎ ሰው አይደለም ሙዘይን። "ዛሬ ሰኞ ነው፣ ያ አንዳርጌ። ሩጥ።"

በር ላይ ወርቅውሃ ምሳ በሳህን ይዛ ቆማለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ አላወቀችም።

"ይለቁታል አይደል አያ አንዳርጌ? እሱ እኮ አልነበረም። ያልነበረ ሰው ምን ይሉታል?"

"ይለቁታል" አልኳት። ስለ ገላባት ልነግራት አፌ አልታዘዘኝም። ፈሪ ነኝ፤ ለእናት መርዶ መንገር ድሮም አልችልበትም።

ማክሰኞ እንግዳውን ቀበርነው። ገዳሪፍ ያለው ጎንደሬ ለቀብር አይቀርም፤ ጠላቱ እንኳ ቢሞት አፈር ሊያለብስ ይመጣል። ያን ቀን ግን ቄሱ፣ እኔ፣ ሚስቱ ደብሪቱ፣ እና ሂያም ብቻ ሆንን። ቃሬዛ የሚሸከም ቢጠፋ እስላሙ ጀማሉ ገባና ተሸከመ። ወርቅውሃ ራቅ ብላ ዛፍ ሥር ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ ልጇ ታስሮ ለሰው የሚተርፍ እንባ ከየት ይመጣል አልኩ።

ደብሪቱ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። እጄን ያዘችኝ።

"አያ፣ ባሌ ምን አድርጓቸው ነው? ጎረቤቴ ውሃ አልሰጠችኝም። ሙሾ የሚያወርድለት ሰው አጣ። ምን በድሎ ነው? ንገረኝ!"

"እኔም አላውቅም እታለም" አልኳት። ስመለስ መንገድ ላይ አንዱን የአገሬን ሰው አንገቱን ይዤ ጠየቅሁት።

"የእጁን ነው ያገኘ" አለኝ፣ እጄን አስለቅቆ። "ሰው የሚሸጥ ሰው አይለቀስለትም።"

"ማንን ሸጠ? ማን ነገረህ?"

"ወሬ ነው። ሁሉም ያውቃል" ብሎ ሄደ። እንግዳው ሰው ሻጭ! ዝንብ ሲገድል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው!

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ሙዘይን መኪናና ሾፌር ሰጠኝ፤ ያችን ጫማ በኪሴ ይዤ ኡም ራኩባ ካምፕ ወረድኩ። ለምን ኡም ራኩባ? በዚያ ሰሞን ሕፃን ይዞ መንገድ ላይ የሚገኝ ሰው ከዚያ የወጣ ነዋ። ዝናብ ጀምሯል። ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ ጎማ ይበላል። ከካምፑ ዳር ትግሬዎቹ ዕቃ ያስራሉ፤ አንድ ማሰሮ፣ አንድ ስልቻ ዘር፣ አንድ የታመመ ሽማግሌ በቃሬዛ። የአገራቸው ክረምት ሳያልፋቸው ሊዘሩ በእግራቸው ሊሄዱ ነው። ረሃብ ያባረራቸው ሰዎች ረሃቡ ሳይወጣ ሊገቡ!

የሚያሰልፋቸው ረዳ የሚባል ቀጭን ሰው ነው። የፖሊስ ሰው መሆኔን ሲያውቅ ዐይኑ መሬት ወረደ፤ ያለ ፈቃድ ከካምፕ መውጣት ክልክል ነው።

"አትፍራ" አልኩት። "ለመጣሁበት ጉዳይ እንጂ ለሌላ ዐይን የለኝም። ይቺን ጫማ ታውቃታለህ?"

ተቀብሎ አገላበጣት። "ሐወይ፣ ወንድሜ፣ ይቺ እኮ የእህቴ ልጅ ጫማ ናት። እሁድ መኪና ላይ ጥላት ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰች።"

"የማን መኪና?"

ጫማዋን መልሶ ሰጠኝ።

"ረዳ፣ ያ ሾፌር ነገ ይሞታል። ስሙን ካልነገርከኝ ይሞታል።"

"ካሣ ነው" አለኝ ያኔ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ከመፋዛ ባዶውን ሲመለስ ጭቃ ላይ አገኘን። ሠላሳ ሁለት ነበርን፣ አሥራ አንዱ ሕፃናት። 'ብታወቅ ሥራዬን አጣለሁ፣ እናንተንም ይመልሷችኋል፣ ዝም በሉ' ብሎ እስከ ጠረፉ አደረሰን። እኔ የቀሩትን ልወስድ ተመለስኩ። ደግ ልጅ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው ብለን መርቀነዋል።"

ካሣ ነጻ ነው። በደስታ ልፈነዳ ደርሼ ወደ መኪናው ዞርኩ። ረዳ ከኋላዬ ያወራል።

"ደሞ የገረመኝ፣ 'ማን ናችሁ' ሲለን 'ተመላሾች ነን' ብንለው ደነገጠ። 'ይቺን ቃል እናቴ ፊት እንዳትሏት' አለን። 'አዲሱ የሱዳን መንግሥት ከደርግ ጋር ታርቆ ተመላሽ የሚሆኑ ሰዎች ስም ዝርዝር ወጣ የሚል ወሬ ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች፤ ይዘውህ ሊሄዱ ነው ትለኛለች' አለን።"

እግሬ ጭቃው ውስጥ ቆመ።

ተመላሽ። ካሣ አባይ። እስከ ሰኔ 23 ይላክ።

"ምነው ሸዋ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ረዳ አሞኝ መስሎት ደገፈኝ። እውነትም አሞኝ ነበር። ወረቀት ነው የሚላከው፤ ሰው አይደለም። ገንዘብ ነው ተመላሹ። ግን ገንዘብ መሆኑን ፖስታው ላይ ማን ጻፈ? ስም፣ ቃል፣ ቀን፤ አለቀ። ያችን ቃል መርጬ፣ አሳምሬ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ገዳሪፍ ገባሁ። ለሙዘይን ጣቢያው በር ላይ ሁሉንም ነገርኩት። "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ።

"አይደለሁም። ባልሆን ደስ ይለኛል።"

ወርቅውሃ ከክፍሏ ደጅ ሽንኩርት ትልጣለች። አጠገቧ ሙቀጫው አለ። ዘነዘናው የለም፤ በርበሬውን በድንጋይ ነው የወቀጠችው። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አልኩ። ሙዘይን ከኋላዬ ቆመ።

"ወርቅውሃ፣ ፊደል ቆጥረሻል?"

"በመሠረተ ትምህርት ጊዜ" አለች ቀና ሳትል። "ቀበሌው አስገድዶን። መጀመሪያ መጻፍ የተማርኩት የካሣን ስም ነው።"

"የእንግዳው ቀብር ላይ ሰው አልመጣም። እንግዳው ስም ዝርዝር ይዟል ብለሽ ለማን ነገርሽ?"

ቢላዋው ቆመ።

"እታለም፣ የልጅሽን ነገር ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። "አይለቁትም። ነገ ጧት በገላባት ሊያሻግሩት ነው፤ እንግዳውን ገድሎ ነው ብለው።"

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጀማሉ ከበር እየሮጠ መጣ። "እኔ ነኝ!" አለች፣ ሽንኩርቱ ተበትኖ። "እኔ ነኝ እኔ! ልጄን ልቀቁ! እሱ ምን ያውቃል! በዘነዘናው እኔ ነኝ የመታሁት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ነው የጣልኩት፣ አውጡትና እዩ!"

ሙዘይን ምን እንዳለች መጠየቅ አላስፈለገውም። ስለ ጉድጓዱ ብቻ ነገርኩትና ጀማሉን ወደ ሽንት ቤቱ ላከው። እኔ ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት። ቀስ በቀስ፣ እየተቆራረጠ ነገረችኝ።

እሁድ ማታ ቅመም ስትወቅጥ ቆይታ እንግዳውን እራት ልትጠራው ገባች፤ ዘነዘናው በእጇ ነው። እሱ እጁን ሊታጠብ በኋላ በር ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የልጇን ስም አየች። በጣቷ ተከትላ አነበበችው። ከዚያ የቀጠለውን ፊደል በፊደል ቆጠረችው፤ ተ፣ መ፣ ላ፣ ሽ። ውስጡን ስትከፍተው ማኅተም ያለበት የፈረንጅ ወረቀት ነው፤ ስሙ እዚያም አለ።

"ከጡቴ ሥር ሸሸግሁት። እንግዳው ተመልሶ ጎደለበትና 'ወርቅውሃ፣ አንድ ፖስታ አይተሻል?' አለኝ። ፊቴን አይቶ አወቀ። 'ስጪኝ፣ ነገ ጧት መሄድ አለበት' አለኝ። 'ቅደደው' ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። 'አብደሻል እንዴ፣ ከዚህ ቀን ካለፈ እኮ አይሆንም' አለ። እጁን ሰደደ። አያ አንዳርጌ፣ ሁለቱን ልጆቼን ደርግ በላብኝ። በዚህ ዓመት ደሞ ሴቲቱን መተማ መንገድ ላይ በረሃብ ቀበርኳት። አንድ ነው የቀረኝ። መታሁት። ወረቀቱንም ምድጃ ከተትኩት። ለጎረቤቶቹም እንግዳው የልጆቻችንን ስም ዝርዝር ይዞ ነበር አልኳቸው።"

ለሙዘይን ተረጎምኩለት። ቆቡን አወለቀ። ጀማሉ ዘነዘናውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና ዞር ብሎ ቆመ።

"ልጁን ዛሬውኑ እለቀዋለሁ፤ ንገራት" አለ ሙዘይን። "ወረቀቱ ምን እንደነበርም ንገራት።"

የመጀመሪያውን ነገርኳት። እጁን ልትስም ተነሣች፤ ሸሸ። ፊቷ ላይ ብርሃን መጣ፤ እውነቴን ነው፣ ከሰኞ ወዲህ ያላየሁት ብርሃን። ለሷ ነገሩ አልቋል፤ ልጇን አድናለች፣ እሷ የፈለገችውን ትሁን።

ሁለተኛውን እንዴት ልንገራት? ዝም ብል ምን ነበረበት? ወህኒ ስትገባ ልጄን አተረፍኩ እያለች ትቀመጥ ነበር። ግን ደብሪቱ አለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ሲወለድ የሰው ሻጭ ልጅ ይባላል፤ ውሃ አይሰጡትም። እንግዳውም መቃብሩ ላይ የሚያለቅስለት አያገኝም። ሬሳም ስም አለው እኮ።

"ወርቅውሃ" አልኳት። "ወረቀቱ ዝርዝር አልነበረም። የሆቴል ደረሰኝ ነበር። ካሣ አውሮፓ ሲያድር የከፈለው ግብር እንዲመለስለት የሚላክ ወረቀት። ተመላሹ ገንዘብ ነው። እስከ ሰኔ 23 የሚላከው ወረቀቱ ነው። ካሣ ቤት ሊከራይልሽ ነበር በሱ። ያንን ቃል እንዲጽፍ የነገርኩትም እኔ ነኝ፤ እንግዳው አይደለም፣ እኔ ነኝ።"

አየችኝ። መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ። እንደገና ልነግራት ስል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"እጁን ሲሰድ" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ "'ለልጅሽ ብዬ ነው' ብሎኝ ነበር።"

"መቼ?"

"ከመምታቴ በፊት። ሲያላግጥብኝ መስሎኝ።" ሁለት ጣቷን አነሣችና አሳየችኝ። "ሁለቴ ነው ያለኝ። 'ለልጅሽ ብዬ ነው፣ ወርቅውሃ፣ ለልጅሽ ብዬ ነው።'"

ሙዘይን ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ምን አለች?" አለኝ። ነገርኩት።